ዓይንህን ከነጠላው አትንቀል

ወለተጻድቅን የሚያውቋት ሰዎች ስሟ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያወሩት ስለ ቁጣዋ ነው። አይዋሹም፣ ቁጡ ነበረች። ጭነት የበዛባት አህያ ካየች ነጂውን መንገድ ላይ ገትራ ጆንያውን በገዛ እጇ ታወርድ ነበር። «አንቺን ምን አገባሽ?» ሲላት፣ «አህያዋ አፍ ቢኖራት እኔ ምን አደከመኝ!» ትለዋለች። ነጂው ሁሉ እሷ ደጅ ሊደርስ ሲል ጭነቱን ያስተካክል ነበር ይባላል።

ግን ቁጡ ነበረች ብሎ ዝም ማለት ግፍ ነው። ምን እንዳስቆጣት አብሮ መነገር አለበት።

ያኔ ኮልፌ እንደ ዛሬው ቤት በቤት ላይ የተነባበረበት፣ ታክሲ የሚጋፋበት ሰፈር አልነበረም። ከቀራንዮ እስከ አስኮ ሜዳ ነው፣ የገብስ ማሳ ነው፣ ባሕር ዛፍ ነው። ወለተጻድቅ የባልደራስ ልጅ ናት። አባቷ የአንድ መኰንን ፈረሶችና በቅሎዎች ኃላፊ ነበሩ። እናቷ በወሊድ ስለሞተች አባትየው ሥራቸውን ትተው ቤት አይውሉ ነገር፣ ልጅቱን ከጋጡ በር ላይ ቁርበት አንጥፈው አሳደጓት። ሰው «ኧረ ሴት ልጅ ከፈረስ መሀል!» ሲላቸው፣ «ፈረሶቹ እንደሆነ ቅር አላላቸውም» ይሉ ነበር። ፊደል ቆጥራ ዳዊቱን ሳትጨርስ አቋረጠች። የፈረስን ነገር ግን እስከ መጨረሻው ተማረች።

ለአካለ መጠን ስትደርስ ኮልፌ የሚኖረው ደሜ አገባት። ደሜ በዚያ አገር አለ የተባለ የጉግስ ተጫዋች ነበር። ያገባትም ለውበቷ ነው ይበሉ እንጂ፣ እሱ ራሱ ሲናገር «ፈረሴ ሲያያት ጆሮውን አቆመ፣ እኔም አመንኩት» ነው የሚለው። ፈረሱ ዳማ ሆኖ ግንባሩ ላይ ነጭ ነገር ስላለበት ቦራ ይሉታል። ያኔ ገና ውርንጭላ ነበርና የገራችው እሷ ናት፣ የተጫወተበት ደሜ።

ጉግስ አይቶ የማያውቅ ሰው ዛሬ ብዙ ነው። ጉግስ ላይ አንዱ ይሸሻል፣ ሌላው ያሳድዳል። አሳዳጁ ዘንግ ይወረውራል፣ ሸሺው ጋሻውን ወደ ጀርባው አዙሮ ይመክታል። ለመመከት እየጋለበ አንገቱን ጠምዝዞ ኋላውን ማየት አለበት። ፈረሱም ይህን ያውቃል። የጌታው ትከሻ ሲዞር ከተሰማው «አሁን ልንመለስ ነው፣ ተራው የኛ ነው» ብሎ እርምጃውን ይሰበስባል። የጉግስ ፈረስ ጥበቡ እዚያ ላይ ነው። ይህ ልብ ይባል፣ በኋላ ይመጣል።

ጣልያን ገባ። በሃያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ በየካቲት፣ ደሜ እንጨት ጭኖ ከተማ እንደወረደ ቀረ። በዚያች ሰሞን ከተማ ወርዶ የቀረ ሰው ብዙ ነውና ሬሳውን እንኳ ያየ የለም። ከዚያ በፊት ባንዶቹ በየሰፈሩ እየዞሩ «ገበያችሁን ገብዩ፣ ማንም አይነካችሁም» ይሉ ነበር። ወለተጻድቅ ያችን ቃል አልረሳቻትም። ለባሏ አንድ ክረምት አለቀሰች። ለዚያች ቃል ግን ዕድሜዋን ሙሉ ተቆጣች።

ቤት ውስጥ የቀሩት እሷና የደሜ ታናሽ ወንድም ወዬሳ ናቸው። አማቷ አባባ ባጫ ከታች ወንዙ አጠገብ ለብቻቸው ይኖራሉ። ከደሜ የቀረው እንግዲህ ጋሻው፣ ኮርቻውና ቦራ ነው።

የሚቀጥለው ዓመት አልቆ ጳጉሜን ላይ፣ ኮልፌ ካምፕ የተከለው ቴኔንቴ፣ የጣልያን መቶ አለቃ፣ ሰዉን ሜዳ ላይ ሰበሰበ። ቴኔንቴው የሚያብረቀርቅ ቦት ጫማ ያደረገ፣ ዘወትር አለንጋ የሚይዝ ሰው ነው። የተናገረው በአስተርጓሚው በዱባለ አፍ ነው።

«ፈረስ ያለው ሁሉ ስሙኝ!» አለ ዱባለ። «መንግሥት ለመንገድ ሥራው ፈረስ ይፈልጋል። ፈረሶቻችሁ ድንጋይና አሸዋ ሊጭኑ ነው።»

ሰዉ ጉም ጉም አለ። ጉግስ የሚጫወት ፈረስ አሸዋ ሲጭን! ሙሽራን ወፍጮ ላይ እንደመጣል ነው።

«ቆዩ፣ ቆዩ! ቴኔንቴው ፈረስ ወዳድ ነው። ከመስቀል በኋላ ግልቢያ ይደረጋል። ከዚህ ከካምፑ ሜዳ ተነስቶ ወንዙን ተሻግሮ፣ ዋርካውን ዞሮ መመለስ ነው። አንደኛ የወጣ ፈረስ ከባለቤቱ ጋር ይቀራል። ማንም አይነካውም!»

ማንም አይነካውም። ወለተጻድቅ ይህን ስትሰማ ፊቷ ደም መሰለ።

ማታ ሳይሆን ገና ፀሐይ እያለች ሃጂራ መጣች። ሃጂራ ጎረቤቷ ናት፣ ጨውና ገብስ ትነግዳለች፣ ባሏ ከሞተ ጀምሮ ሱቁን ብቻዋን ይዛ የምታስተዳድር አንደበተ ቀና ሴት።

«ምን አሰብሽ?» አለቻት።

«ምን አስባለሁ? የጣልያን ቃል ነው። ደሜንም በዚችው ቃል ነው የበሉት።»

«እሺ፣ ቃሉ ውሸት ይሁን። ፈረሱን አጥበሽ አበጥረሽ በእጅሽ ልታስረክቢያቸው ነው? ሳትሞክሪ?»

ወለተጻድቅ ተነሥታ ጎታዋን ከፍታ አየች። የገብሱ ታች ብቻ ቀርቷል።

«ገብስ አለሽ?» አለች በመጨረሻ።

«እኔ ዘንድ ገብስ ካጣሽ የት ልታገኚ ነው?» አለች ሃጂራ፣ ሳቀች። በማግስቱ አንድ ቁና ልካ ዋጋውን አልጠየቀችም።

እንዲህ ሆኖ ሥራው ተጀመረ። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው፣ መሬቱ ይንቦጫረቃል። ቦራ ወራቱን ሙሉ ለምለም ሣር ሲግጥ ከርሞ ሆዱ እንደ እርጉዝ ላም ወጥሯል። ወዬሳ ኮርቻውን ጭኖ፣ እርካቡን በእግሩ አውራ ጣት ጨብጦ፣ ሽምጥ ሊያስነሳው የልጓሙን ጠፍር ዛቡን ሲለቅ ወለተጻድቅ ልጓሙን ይዛ ቀጥ አደረገችው።

«ውረድ።»

«ምነው እትዬ? ገና መቀመጤ ነው!»

«ውረድ ብዬሃለሁ። ከክረምት እንቅልፉ ያልነቃ ጉልበት በመጀመሪያው ቀን ታስሮጣለህ? ልትሰብረው ነው?»

«ታዲያ በምን እንለማመድ?»

«በእግር። እሱም በእግሩ፣ አንተም በእግርህ። ኮርቻውን አውርድ።»

ወዬሳ በአገሩ ወጣት ፊት ፈረሱን እየሳበ እንደ ባለ አህያ በእግሩ ዳገት መውጣት ሞት ሆነበት። መንገድ ላይ የሚያገኙት ሁሉ «ወዬሳ፣ ፈረሱ ታሞ ነው ወይስ አንተ?» እያሉ አላገጡበት። እሷ ግን አልራራችም። የመጀመሪያውን ሰሞን ዳገት በእርምጃ፣ ቀጥሎ ዳገት በሶምሶማ። ለምለሙን ሣር ከለከለችው፣ ድርቆሽና ገብስ አደረገችለት። ቦራ ሣሩን እያየ አጥሩን በደረቱ ሲገፋ «ተው፣ ሆድህን አትስማ» ትለዋለች እንደ ሰው። የሆዱ ቅርጽ ተመለሰ። ላቡ በመጀመሪያ እንደ ሳሙና አረፋ ነበር፣ እየቆየ እንደ ውኃ ጠራ። ያኔ ኮርቻውን ፈቀደች፣ እርካቡን ግን ፈታ ጣለችው።

«አንተም ክረምቱን ተኝተህ ወፍረሃል» አለችው። «በጭንህ ያዝ። ዳገት ላይ ወደ ጋማው ተኛለት። ቁልቁለት ላይ ጀርባህን ስጥ፣ እጅህን ግን አትስጥ። አፉን እየጎተትክ ቁልቁል የምታወርደው ፈረስ አያምንህም።»

ወዬሳ ስንት ጊዜ ጭቃው ላይ እንደተዘረጋ ቆጣሪ የለውም። ሲነሳ ቦራ ቆሞ ይጠብቀዋል። «እሱ እንኳ አፍሮልሃል» ትለዋለች።

ነገሩ የከበደው ከዚህ በኋላ ነው። እርካቡ ተመለሰ፣ ሽምጡ ተፈቀደ። ቦራ ሜዳውን እንደ ወፍ ከፈለው። ወለተጻድቅ ከጉብታው ላይ ቆማ ስታይ ልቧ ደስ አለው፣ አባቷን አስታወሰች። ግማሽ መንገድ ሳይደርሱ ግን ቦራ በራሱ ጊዜ እርምጃውን ሰበሰበ፣ ጎበጥ አለ፣ ሊዞር አለ። ደግመው ሞከሩ፣ እዚያው። ሦስተኛ ሲሞክሩ ዓይኗን ከፈረሱ ላይ አንስታ ወዬሳ ላይ አደረገችው። አገኘችው።

«አንተ! አንገትህን ምን ያዞረዋል?»

«መቼ?»

«አሁን! ኋላህን እያየህ ነው!»

«አላየሁም።»

«እየዋሸህ አይደለም፣ አታውቀውም እንጂ። ማንን ነው የምታየው? ማን እያሳደደህ ነው?»

ሕፃን ሳለ ጀምሮ ጉግስ ነው የተማረው። አንገቱ ራሱን ችሎ ይዞራል። ቦራም ያው ጉግስ ነው የተማረው፣ ትከሻ ሲዞርበት ልንመለስ ነው ይላል። ለቀጥታ ግልቢያ ሁለቱም እንደገና መማር ነበረባቸው።

መከረች፣ ተቆጣች፣ ጮኸች። አልሆነም። በመጨረሻ ከአጥሩ የቀጋ እሾህ ቆርጣ በሸማው ግራና ቀኝ ትከሻ ላይ ሰፋችለት። አገጩ ወደ ትከሻው ሲዞር ይወጋዋል።

«እትዬ፣ ይሄ ቅጣት ነው ወይስ ትምህርት?»

«እሱን አገጭህ ይነግርሃል።»

ይህን የሰሙ አባባ ባጫ በትራቸውን ተደግፈው ከወንዙ ዳር ወጡ። የልጃቸው አገጭ ደም ነክቶት ሲያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጄ ወለተጻድቅ፣ ባልሽን ፈረስ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ኋላውን የማያይ ፈረሰኛ ጋሻው ለምኑ ነው?»

«አባባ፣ በዚህ ግልቢያ ዘንግ የሚወረውር የለም።»

«ከጣልያን ጋር ነው ያልሺኝ?» አሉ ሽማግሌው። «ከኋላ የሚወረወር አይጠፋም።»

ትተዋቸው ሄዱ። ወለተጻድቅ ይህን ስትሰማ ተናደደች፣ ግን የተናደደችው እውነት ስለመሰላት ነው።

ከእሾሁ ሌላ ደግሞ ለዓይኑ ሥራ ሰጠችው። ነጭ ነጠላዋን አውልቃ በምዕራብ በኩል፣ ከሜዳው ማዶ ሸንተረሩ ላይ ከቆመች አንዲት ዝግባ አሠረችው። ከሩቅ እንደ ርግብ ትታያለች።

«ከፈረሱ ጆሮ በላይ እይ። መሬቱን አትይ፣ ኮቴውን አትይ፣ ኮቴ የሱ ሥራ ነው። ዓይንህን ከነጠላው አትንቀል። ፈረሱ ዓይንህ ወደሄደበት ነው የሚሄደው።»

ተሻሻለ፣ ግን አልዳነም። አንድ ቀን ልምምዱን ጨርሰው ቦራን ወንዝ ዳር ሲያጥቡ ወዬሳ ድንገት ተናገረ።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ጉግሱ ብቻ አይደለም።»

«ምንድነው ታዲያ?»

«በእግሬ ስሄድም አያለሁ። ገበያ ስሄድም። ወንድሜ ከቀረ ወዲህ ኋላዬን ሳላይ መንገድ ሄጄ አላውቅም። አንቺም ታያለሽ እኮ። ሃጂራም ሱቋን ስትከፍት ኋላዋን አይታ ነው። ሰዉ ሁሉ አንገቱ ዞሯል።»

ወለተጻድቅ ውኃውን በእፍኟ እየዘገነች የፈረሱን ጭን ታጥብ ነበር፣ እጇ ቆመ። ሐሰት አይደለም። አገሩን ሁሉ እንዲህ አድርገውታል። ሰው በገዛ ሜዳው ላይ፣ በገዛ ፈረሱ ላይ ተቀምጦ ኋላውን እያየ!

«ስማ» አለችው፣ ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ አለ። «ከኋላህ እኔ አለሁ። ኋላህን እኔ አይልሃለሁ። አንተ ፊትህን እይ።»

«የሚመጣ ካለስ?»

«የሚመጣ ካለ መጀመሪያ የሚያገኘው እኔን ነው።»

ወዬሳ ሳቀ። «እንግዲያው እግዜር ይዘንለት» አለ፣ «ለሚመጣው ሰው።»

ከዚያ ቀን በኋላ እሾሁ ቀረ።

መስቀል አለፈ። የግልቢያው ቀን ሜዳው በሰው ሞላ። ቴኔንቴው ከድንኳን ጥላ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ አጠገቡ ዱባለ። ከቀራንዮ፣ ከአስኮ፣ ከቡራዩ ሳይቀር ፈረሰኛ መጥቷል። ሁሉም ደግሞ ያው የጉግስ ሰው ነው። አሸዋ ጭነት ያስፈራው ሁሉ ፈረሱን ጌጥ በጌጥ አድርጎ አምጥቶታል።

ጥይት ወደ ሰማይ ተተኮሰ፣ ተነሡ። ወንዙን ሲሻገሩ ቦራ መሀል ላይ ነበር። ዋርካውን ሲዞሩ ከፊቱ የቀሩት ጥቂቶች ናቸው፣ ከሁሉም ፊት አንድ ያስኮ ሰው። የመመለሻው ዳገት መጣ። ወዬሳ ጋማው ላይ ተኛለት። ያስኮው ሰውዬ የኮቴ ድምፅ ሰማ፣ አንገቱን አዞረ። እንዳዞረ ፈረሱ ሰበሰበ፣ ልንመለስ ነው ብሎ። ከኋላው ያሉትም እንዲሁ፣ አንዱ ሌላውን ሲያይ፣ ሌላው ሦስተኛውን ሲያይ፣ ሁሉም ፈረስ እርምጃ አጣ። ወዬሳ ብቻ አገጩን ቀጥ አድርጎ አለፋቸው። ሃጂራ ሻሿ ወልቆ እልል ትላለች። ወለተጻድቅ ግን ቦራ የካምፑን ባንዲራ አልፎ እስኪቆም ድረስ እጇን አፏ ላይ ጭና ነበር።

አንደኛ ወጣ። በሰው ሁሉ ፊት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አንደኛ።

ቴኔንቴው ከወንበሩ ተነሣ፣ መጣና የቦራን ደረት ዳሰሰ፣ ጥርሱን ገልጦ አየ፣ እግሩን አነሳ። ከዚያም ፈገግ ብሎ ለዱባለ በጣልያንኛ ረጅም ነገር ነገረው። ዱባለ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ቴኔንቴው እንኳን ደስ ያላችሁ ብለዋል። እንዲህ ያለ ፈረስ አይተው አያውቁም። ለራሳቸው መቀመጫ ወስደውታል። ከሱ ቀጥሎ የገቡት ለሌሎቹ መኰንኖች ናቸው። የቀሩት ለጭነት።»

ወለተጻድቅ ሰዉን እየከፈለች ወደ ፊት መጣች።

«አቶ ዱባለ፣ አንደኛ የወጣ ከባለቤቱ ጋር ይቀራል ብለው አልነበረም? እርስዎ በአፍዎ?»

«አሁን ቴኔንቴው ሐሳባቸውን ለውጠዋል።»

«ሐሳባቸውን!»

«ለሱ ክብር ነው እኮ፣ ድንጋይ ከሚጭን...»

«ክብር!» አለች። ከዚህ በኋላ «እርስዎ» የሚለው ከአፏ ጠፋ። «አንተ የእናት ጡት የጠባህ ሰው ነህ? መጀመሪያውኑ ይህን ነበር የፈለጋችሁት! የትኛው ፈረስ እንደሚበልጥ አታውቁም፣ እኛ እናውቃለን። ስለዚህ እኛው ገብስ አበላንላችሁ፣ እኛው አሠለጠንንላችሁ፣ እኛው አሯሩጠን መረጥንላችሁ፣ አሁን ደግሞ እኛው እናስረክብ! ሌባ እንኳ በጨለማ መጥቶ ራሱ መርጦ ነው የሚሰርቀው። እናንተ ባለቤቱን አስመርጣችሁ!»

«ምን አለች?» አለ ቴኔንቴው በቋንቋው። ዱባለ ጥቂት ተርጉሞ ብዙውን ዋጠ። ቴኔንቴው የሕፃን ጨዋታ እንዳየ ሳቀ።

ያ ሳቅ ነው ነገሩን የጨረሰው። ወለተጻድቅ ጮኻ ማልቀስ ትችል ነበር። መሬት ላይ መንከባለልም ትችል ነበር፣ እንደዚያ ያደረጉ ሴቶች አሉ። እሷ ግን ቦራን አየችው። ከአፍንጫው እሳት የሚመስል ትንፋሽ ይወጣል፣ ከጎኑ ላብ ይንጠባጠባል። የባልደራስ ልጅ ናትና ቁጣዋ መሀል አንድ ነገር መጣላት።

«እሺ» አለች፣ ሰው ሁሉ እስኪገርመው ድረስ። «ይውሰደው። ግን ንገረው፣ ከሽምጥ የመጣ ፈረስ ላቡ ሳይደርቅ አይታሰርም። ከታሰረ ነገ እግሩ ይያዛል። እሱም ፈረስ አውቃለሁ የሚል ከሆነ ይህን ያውቃል። ልጁ ያንሸራሽረው።»

ዱባለ ነገረው። ቴኔንቴው ራሱን ነቀነቀ፣ እውነቷን ነው አለ። እሱስ ፈረስ ያውቃል፣ ያንን ማንም አይነሳውም። ወዬሳ ፈረሱ ላይ እንደተቀመጠ፣ እንባው በአገጩ የእሾህ ጠባሳ ላይ እየወረደ፣ ሜዳውን በእርምጃ ይዞር ጀመር። አንዴ ዞረ፣ ደግሞ ዞረ። የቦራ ትንፋሽ ረጋ። ወለተጻድቅ አጠገቧ ሲደርስ ሰው ሁሉ እየሰማ ተናገረችው።

«ወዬሳ፣ ነጠላዬ ከዝግባው ላይ ቀርታለች። ብርድ ሊመታኝ ነው፣ ሄደህ አምጣልኝ።»

ዱባለ ሳቀ። «ፈረሱን ወስደውባት ስለ ነጠላዋ ትጨነቃለች! ሴት!»

ወዬሳ አያት። ሸንተረሩን አየ። ከሸንተረሩ ወዲያ ጫካ ነው፣ ከጫካው ወዲያ የወጨጫ ተራራ ነው፣ ተራራው ላይ ደግሞ አርበኞች እንዳሉ ያልሰማ ሰው በኮልፌ የለም። ዛቡን አላላ።

ቦራ ከእርምጃ ወደ ሶምሶማ፣ ከሶምሶማ ወደ ሽምጥ። መጀመሪያ ማንም ልብ አላለም። ከዚያ አንድ የጣልያን አስካሪ ወታደር «ቁም!» አለ። ጠመንጃ ሲቀባበል ተሰማ። ያን ጊዜ የወዬሳ ትከሻ ንቅንቅ አለ። ቦራም ወዲያው ሰበሰበ።

«ዓይንህን!» ብላ ጮኸች ወለተጻድቅ። ድምፅዋ ወንዙን ተሻግሮ አባባ ባጫ ደጅ ድረስ ተሰማ ይላሉ። «ዓይንህን ከነጠላው አትንቀል! ከኋላህ እኔ አለሁ!»

ትከሻው ተመለሰ። ፈረሱ ተዘረጋ። አስካሪዎቹ ጠመንጃቸውን አነጣጠሩ። ይሄኔ ማን ይጩህ? ቴኔንቴው! ቆቡ ወድቆ፣ እጁን እያወናጨፈ፣ «ፈረሱን እንዳትመቱ! ፈረሱን እንዳትመቱ!» ይላል። ዱባለም ተከትሎ በአማርኛ ይጮኻል። ስግብግብነቱ ለፈረሱ ጋሻ ሆነለት። አስካሪዎቹ ወደ ላይ ተኮሱ፣ ወደ ጎን ተኮሱ። ወዬሳ ዝግባዋ ሥር ሲደርስ እጁን ዘርግቶ ነጠላዋን ላፍ አደረጋትና ከሸንተረሩ ወዲያ ተሰወረ።

ወለተጻድቅ ሸንተረሩ ባዶ መሆኑን አይታ ዞረች። የሚመጣውን መጀመሪያ ያገኘችው እሷ ናት፣ እንዳለችው። በሰደፍ ደረቷን መቷት፣ ወደቀች። ካምፑ ውስጥ አሠሯት። «ወዴት ላክሽው?» ሲሏት «ነጠላዬን እንዲያመጣ» ትላለች። ደግመው ሲጠይቋት «ይኸው ብርድ እየመታኝ ነው፣ አልመጣም እኮ» ትላለች፣ እየተቆጣች። ቤቷን አቃጠሉት። ሃጂራ በየቀኑ ካምፑ በር ላይ እየተቀመጠች፣ ቂጣ እያቀበለች፣ ዘበኞቹን እየለመነች፣ ጥምቀት ሲደርስ አስለቀቀቻት። ከዚያ ወዲህ ደረቷ ብርድ ሲነካው ያፍናታል። በተቃጠለው ቤቷ ቦታ ላይ ጎጆ እስክትቀልስ ድረስ ያደረችው ከሃጂራ ሱቅ ከገብሱ ጆንያ መሀል ነው። ወንድ ነን የሚሉ ብዙዎች እሷን ሲያዩ መንገድ ይቀይሩ ነበር። ይህም መነገር አለበት።

በሠላሳ ሦስት ጣልያን ወጣ። አርበኛው ከየጫካው ሲገባ ወለተጻድቅ እንደ ሌላው ሰው መንገድ ዳር ወጥታ አልጠበቀችም። ከደጇ ተቀምጣ ገብስ ታበጥር ነበር። ፀጉሩ ትከሻው ላይ የወረደ ሰው ደጇ ላይ ፈረስ አቆመ። ፈረሱ ከስቷል፣ አንድ ጆሮው ተቀዷል፣ ግንባሩ ላይ ግን ነጩ አለ። ሰውየው ከፈረሱ ወርዶ፣ ከአንገቱ ላይ አፈር የመሰለች ጨርቅ ፈትቶ ዘረጋላት።

«እትዬ፣ ነጠላሽ።»

እሷ ነጠላውን አልተቀበለችም። ወዬሳንም አላቀፈችም። ቀጥ ብላ ወደ ቦራ ሄዳ ኮርቻውን ፈታች፣ ከሥሩ የተነጠፈውን ግላስ ገለጠች። ጀርባው ተገሽልጦ ቆስሏል።

«ይሄ ምንድነው?» አለች። «ይሄ ምንድነው አንተ? እንዲህ ነው ፈረስ የሚያዘው? ኮርቻ ሳታወርድለት ነው እንዴ የከረምከው?»

«እትዬ፣ ጦርነት ላይ ነበርን እኮ...»

«እሱ መቼ ጦርነት አወጀ? ሂድ፣ ውኃ አምጣ! ጨው ከሃጂራ አምጣ! ምን ቆመሃል?»

ወዬሳ ወደ ሃጂራ ሱቅ እየሮጠ ሄደ። ቦራ የተቀደደ ጆሮውን አቁሞ አንገቷ ላይ ተነፈሰባት። እሷም የጋማውን እሾህና ጭቃ በጣቷ እየለቀመች፣ ቴኔንቴውን፣ ዱባለን፣ ወዬሳን፣ ዘመኑን ሁሉ አንድ በአንድ ትራገም ነበር። ሃጂራ ጨው ይዛ እስክትመጣ ድረስ አልጨረሰችም።